ከቅርቡ እንጀምር
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ስለ አንድ ገመድ ለመናገር ነው። ይኸውም ከራውተር ተነሥቶ እስከ ኮምፒዩተራችን ድረስ የሚዘረጋው የኢንተርኔት ገመድ ነው። ነገሩ ትንሽ ነው ብላችሁ እንዳትንቁት እንለምናችኋለን። እኛ ንቀነው የአንድ ወንድማችንን ዓመት አቃጥለናል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አምስት ሆነን ቤት ተከራይተን ስንኖር፣ የአንዱ ጓደኛችን የትምህርት ዕድል ማመልከቻ የሚዘጋው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ነበር። ጽሑፉም ማስረጃውም በቤቱ ኮምፒዩተር ውስጥ ተሰናድቶ አልቋል። ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ እንላክ ብንል ኢንተርኔት የለም። ያን ጊዜ ሁላችንም በአንድነት ሐኪም ሆንን። አንዱ ኮምፒዩተሩን ደጋግሞ አጠፋ፣ አበራ፤ ሁለተኛው የኔትወርኩን ፕሮግራም ነቀለ፤ ሦስተኛው በራውተሩ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በመርፌ ተጭኖ የተመዘገበውን ሁሉ ደመሰሰ፤ አራተኛው ደግሞ አገልግሎት ሰጪው ዘንድ ደውሎ ስልኩን ባነሣው ሠራተኛ ላይ የስድብ ናዳ አወረደበት። ባለጉዳዩ ዝም ብሎ ሰዓቱን ይመለከት ነበር። ወደ ጎረቤት መሄድ ትዝ ያለን ስድስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው።

በማግሥቱ የመጣው ቴክኒሺያን ብዙ አልተናገረም። ገመዱን በእጁ እየዳሰሰ ሄዶ ከአልጋ እግር ሥር ደረሰ። ለካስ ቤት ስንጠርግ የገፋነው አልጋ ገመዱ ላይ አርፎ ኖሯል። ገመዱን ለመለወጥ አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም፤ ጊዜውን የወሰደው በመርፌ የደመሰስነውን እንደገና መመዝገብ ነው። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን፣ መርፌው ከመግባቱ በፊት ስልኮቻችን በዚያው ራውተር ያለ ገመድ ይሠሩ እንደ ነበር ማንም ልብ አለማለቱ ነው።

ከመካከላችን ሁለቱ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ነን። ዕውቀቱ ነበረን፤ ቅደም ተከተሉ ጠፋን። ስለዚህ ያን ሌሊት ልናደርገው ይገባን የነበረውን ለእናንተ እናካፍል።

አንደኛ፤ የተቋረጠው ለሁሉ ነው ወይስ ለአንዱ ብቻ? በዚያው ቤት ሌላ መሣሪያ የሚሠራ ከሆነ ጥፋቱ ያለው በራውተሩና በኮምፒዩተሩ መካከል ነው፤ ለማንም መደወል አያሻም።

ሁለተኛ፤ ገመዱ ከተሰካበት ቀዳዳ አጠገብ ያለችውን ትንሽ መብራት ተመልከቱ። ከጠፋች በሁለቱም ጫፍ ነቅላችሁ ‹‹ቀጭ›› እስኪል ድረስ መልሳችሁ ስኩት፤ ቀጥሎም በራውተሩ ሌላ ቀዳዳ፣ ከዚያም በሌላ ገመድ ሞክሩ። በገመዱ ውስጥ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተጠማዘዙ 8 ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ። ከነዚህ አንዱ ቢበጠስ ግንኙነቱ ሊጠፋ ወይም እጅግ ሊዘገይ ይችላል። የገመዱም ርዝመት ከ100 ሜትር እንዳያልፍ ተወስኗል።

ሦስተኛ፤ መብራቷ በርታ ኢንተርኔት ከሌለ የኮምፒዩተሩን የኔትወርክ አድራሻ እዩ። በ169.254 የሚጀምር ከሆነ፣ ራውተሩ አድራሻ ስላልሰጠው ኮምፒዩተሩ ለራሱ ያወጣው ነው። ራውተሩን አጥፍታችሁ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይታችሁ አብሩት፤ ኮምፒዩተሩም አድራሻውን በራሱ እንዲቀበል መስተካከሉን አረጋግጡ።

አራተኛ፤ ኮምፒዩተር ሌላውን ‹‹አለህ ወይ?›› ብሎ የሚጣራበት ፒንግ የሚባል ትእዛዝ አለ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1983 ማይክ ሙስ የተባለ አሜሪካዊ የጻፈው ነው። አስቀድማችሁ ራውተሩን ጥሩ፤ ከመለሰ በውጭ ያለውን 8.8.8.8 ጥሩ፤ ከዚያ አንድ ድረ ገጽ በስሙ ጥሩ። ቁጥሩ መልሶ ስሙ እንቢ ካለ፣ የታመመው ስምን ወደ ቁጥር የሚተረጉመው ዲ.ኤን.ኤስ ነው። ራውተሩ መልሶ የውጭው ዝም ካለ ግን፣ አሁን መደወል ይገባል።

ስትደውሉም ያያችሁትን በቅደም ተከተል ንገሩ፤ በሽታውን የደበቀ መድኀኒት የለውም። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ ካልረዳ ወደ ነበረበት መልሱት። መርፌዋን ለመጨረሻ አቆዩአት። ገመዱን ሳይመረምሩ አዲስ ራውተር መግዛትም ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ወንድሞችና እኅቶች፤ እኛ ተማሪዎች ጥፋትን ከሩቅ መፈለግ ይቀናናል፤ ከአልጋችን ሥር ጎንበስ ማለት ግን ይከብደናል። ያን ሠራተኛ ይቅርታ ልንጠይቅ ብንደውል ስልኩን ያነሣው ሌላ ሰው ነበር። ጓደኛችንም እስከ ዛሬ አንድ ቃል አልወቀሰንም። ዘንድሮ እንደገና ሊያመለክት ነው፤ ገመዱን ግን ከወዲሁ በየሳምንቱ የሚመረምረው እርሱ ራሱ ነው።