ወጣቱ አንባቢና የሁለት ወገን ዕዳ



በመሐንዲሶች ጉባኤ ላይ ስለ ልብ ወለድ መናገር ቦታውን የሳተ ሊመስል ይችላል። የመሐንዲስ ቋንቋ ልኬት፣ ጭነትና ወጪ ነው፤ ልብ ወለድ ግን ስሙ ራሱ እንደሚናገረው ልብ የወለደው ነገር ነው። ይሁን እንጂ መንገድ የሚቀየሰው በሰው ማሳ፣ ድልድይ የሚቆመው በሰው ደጃፍ ነውና፣ ያ ሰው ስለ ራሱና ስለ ወገኑ የሚያስበውን አለማወቅ የሙያ ጉድለት ነው። ስለዚህ የዚህ ንግግር ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም ክፉ ቀን ያየ ወጣት፣ ስለ ክፉ ቀንና ለሁለት ስለ ተከፈለ ታማኝነት የተጻፉ ልብ ወለዶችን ሲያነብ ምን ይሰማዋል? ምንስ ይማራል? የሚል ነው።

ጥያቄው የሚታይበት ስፍራ ሐራ ነው። ሐራ በሰሜን ወሎ፣ በወልዲያ አካባቢ፣ ደጋው ወደ አፋር ቆላ በሚያዘቀዝቅበት በኩል የምትገኝ የገበያ ከተማ ናት። ስሟ ለመሐንዲሶች እንግዳ አይደለም። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሰሜን የሚዘልቀው፣ 390 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የባቡር ሐዲድ፣ ከመቀሌ እንዲወርድ ከታቀደው ሐዲድ ጋር እንዲገናኝ የተወሰነው በሐራ ገበያ ነበር። የደቡቡን መሥመር የቱርኩ ያፒ መርኬዚ፣ የሰሜኑን አንድ የቻይና ኩባንያ ሥራውን ከጀመሩ በኋላ ጦርነት መጥቶ አስተጓጎለው።

በግዕዝ ሐራ ማለት ጭፍራ፣ ሠራዊት ማለት ነው፤ በድምፅ ለዚሁ የቀረበው ሐርነት ደግሞ ነጻነት ማለት ነው። በሠራዊትና በነጻነት መካከል መኖር ለወሎ ሰው የመዝገበ ቃላት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያውቅም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በደረሰው ረሀብ ገበሬው ከየገጠሩ ወርዶ፣ በደሴና በወልዲያ በሚያልፈው አውራ ጎዳና ዳር ተኮልኩሎ፣ መኪና እያስቆመ ምግብ ይለምን ነበር። በዚያው ጎዳና ደግሞ እህል ከወሎ ተጭኖ ይወጣ ነበር። የኢኮኖሚው ሊቅ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ ሰው ያለቀው አገሪቱ በጠቅላላው እህል ስላጣች ሳይሆን፣ የወሎ ገበሬ እህሉን የሚገዛበት አቅም ስላጣ ነው። በ1977 ዓ.ም. ረሀቡ ተመለሰ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልዲያና አካባቢዋ በትግራይ ኃይሎች እጅ ገብተው ከመሐል አገር ተቆርጠው ቆዩ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው በክልሉ በተነሣ ግጭት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ።

በዚህ ንግግር የሚነሣው ወጣት አንባቢ ስም የለውም፤ በሐራና በአካባቢዋ ካሉት ወጣቶች ማንኛውም እንደ ሆነ ይታሰብ። አያቱ የ1966ን ረሀብ፣ እናቱ የ1977ን ያስታውሳሉ፤ እርሱ ራሱ ጦርነቱን ያየው በልጅ ዓይኑ ነው። ከጦርነት በኋላ በማንኛውም አገር የሚነሣው ጥያቄ በእርሱም ሰፈር ይነሣል፦ የቀረው ለምን ቀረ? የሄደው ለምን ሄደ? ከገባው ሠራዊት ጋር የተነጋገረው ምን ብሎ ተነጋገረ? ወጣቱ ወደ ልብ ወለድ የሚመጣው ይህን ጥያቄ ይዞ ነው፤ ገና ከመጀመሪያው ገጽም የሚፈልገው ከሃዲው ማን እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅ ነው።

መጀመሪያ እጁ የገባው የእንግሊዛዊው ዳንኤል ዲፎ ሮቢንሰን ክሩሶ ይሁን። በ1719 እ.ኤ.አ. የታተመው ይህ መጽሐፍ የመሐንዲስ ልብ ወለድ ሊባል ይገባዋል። መርከቡ የተሰበረበት ሰው ከስባሪው መሣሪያ ያወጣል፤ አጥር ያጥራል፤ ገብስ ይዘራል፤ ሸክላ ይተኩሳል፤ የደረሰበትን ክፉና በጎ እንደ ነጋዴ ሒሳብ በሁለት ዓምድ ለይቶ ይጽፋል። በዚህ ዓይነት 28 ዓመት ይኖራል። ወጣቱ እንዲህ ያለውን ብልሃት ይወዳል። ማታ ቡና ላይ ለአያቱ ሲተርክላቸው ግን እርሳቸው የሚጠይቁት ሌላ ነው፤ "ልጄ፣ ይኼ ሰውዬ እናት የለውም? የሚያበላው ልጅስ?" ይላሉ።

የአያቲቱ ጥያቄ ትልቁን ነገር ይነካል። ሮቢንሰን ብቻውን ስለሆነ የሚተርፈው ለራሱ ነው፤ ቁራሹን ለማን ልስጥ ብሎ የሚጨነቅበት ሌሊት አልነበረውም። በወሎ ረሀብ ግን ማንም ብቻውን አልተራበም። ለታናሹ ልጅ ወይስ ለታመመችው እናት? ለዘር ከተቀመጠው እህል ይበላ ወይስ ይቆይ? ስለዚህ በሕይወት መትረፍና ለሁለት የተከፈለ ታማኝነት የሁለት መጻሕፍት ርእሶች አይደሉም፤ አንድ ጥያቄ ናቸው። ወጣቱ መጽሐፉን ደግሞ ሲገልጥ ቀድሞ ያለፈውን ነገር ያስተውላል፤ ሮቢንሰን መርከቡ የተሰበረው ከአፍሪካ ባሮች ለመግዛት ሲጓዝ ነበር።

ይህ ግኝት ሁለተኛውን መጽሐፍ በሌላ ዓይን እንዲያነብ ያደርገዋል። ነጋድራስ አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙትና ብዙ አንባቢ ጦቢያ ብሎ የሚያውቀው ልብ ወለድ ታሪክ፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ነው። በጦርነት የተማረከውን አባት አንድ ቸር ነጋዴ ነጻ ያወጣዋል። ልጁ ዋሕድ የዚያን ሰው ውለታ ለመመለስ ሲወጣ ራሱ በባሪያ ነጋዴዎች እጅ ይወድቃል፤ መንትያው ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ፍለጋ ትወጣለች። በዚህ ታሪክ ማንም በራሱ ብልሃት ብቻ አይተርፍም፤ አንዱ ለሌላው ይከፍላል። ጦቢያ ማንነቷን የሸሸገችው ሰውን ለመሸጥ ሳይሆን ወንድሟን ለማዳን ነው። ወጣቱም ከዚህ የመጀመሪያውን መመዘኛ ያገኛል፦ ሰውዬው ለመትረፍ ሲል የከፈለው ከራሱ ነው ወይስ ከሌላው ሰው ሕይወት?

ነገር ግን የመጽሐፉን ታሪክ ከጨረሰ በኋላ የደራሲውን ታሪክ ይሰማል። አፈ ወርቅ በጣልያን ወረራ ጊዜ ከወራሪው ጎን ቆመው ብዕራቸውንና አንደበታቸውን ለእርሱ አውለዋል፤ ከነጻነት በኋላም ወደ ጅማ ተግዘው እዚያው ሞተዋል። የወጣቱ የመጀመሪያ ስሜት ቁጣ ነው፤ መጽሐፉን ዘግቶ ያስቀምጠዋል። ከቀናት በኋላ ግን መልሶ ያነሣዋል። መመዘኛውን በደራሲው ላይ ሲያውለው ሥራውና ሰውዬው ይለያሉ፤ መጽሐፉ ድርጊቱን አያጸድቅም፤ ድርጊቱም መጽሐፉን ከቋንቋው ታሪክ አይፍቅም። ይህን ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ መያዝ ለብዙ ሽማግሌም ይከብዳል።

ሦስተኛው መጽሐፍ በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብር ነው። ይህን ታሪክ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ከሬዲዮ የሰሙት ሰዎች ቁጥር ካነበቡት ሳይበልጥ አይቀርም፤ የወጣቱ አያትም ከሰሙት አንዷ ሊሆኑ ይችላሉ። ብዙ ወጣቶች የሚያለቅሱት ለሰብለ ወንጌልና ለበዛብህ ነው። የሐራው አንባቢ ግን ዓይኑ የሚያርፈው በጉዱ ካሣ ላይ ነው። ጉዱ ካሣ ከባላባት ወገን ሆኖ ሳለ፣ ገበሬው የሚሸከመውን ግፍ አይቶ ዝም ማለት ያልቻለ ሰው ነው፤ ዘመዶቹም ንግግሩን መልስ ከመስጠት ይልቅ እብድ ማለት ይቀላቸዋል። ወጣቱ "ይህ ሰው ወገኑን ከድቷል?" ብሎ ራሱን ይጠይቃል። መልሱ ሲብላላ ይገኛል። ጉዱ ካሣ ዘመዶቹን አልጠላም፤ ለጠላትም አልሰጣቸውም፤ ግፋቸውን ግን የእኔ ነው ብሎ አልተቀበለም። ሁለተኛው መመዘኛ ይህ ነው፦ ሰውዬው የተለየው ከወገኑ ነው ወይስ ከወገኑ ጥፋት? ደራሲው በጣልያን ወረራ ጊዜ የተዋጉና ተማርከው ጣልያን አገር የታሰሩ አርበኛ ነበሩና፣ የወገንን ጥፋት መናገር አገርን ከመውደድ ጋር እንደማይጣላ በሕይወታቸውም አሳይተዋል።

አራተኛው ኦሮማይ ነው። በዓሉ ግርማ ይህን መጽሐፍ ያሳተመው በ1975 ዓ.ም. ሲሆን፣ ታሪኩ በ1974 ዓ.ም. በኤርትራ የተካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ የተከተለ ነው። ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለ ማርያም ለዘመቻው ቅስቀሳ ወደ አስመራ ይላካል፤ እጮኛው ሮማን አዲስ አበባ ትቀራለች፤ ልቡ ግን ከአስመራዋ ፊያሜታ ጊላይ ጋር ይሄዳል። ወጣቱ መጀመሪያ የሚያነበው እንደ ፍቅርና እንደ ስለላ ታሪክ ነው። ቆይቶ ግን የፀጋዬ ችግር በሁለት ሴቶች መካከል ብቻ አለመሆኑን ያያል፤ ሰውዬው የሚከፈለው እንዲናገር በታዘዘውና በዓይኑ ባየው መካከል ነው። ዘመቻው ናቅፋን ሳይዝ ቀረ፤ የሞተው ግን በሁለቱም ወገን ሞተ። ከዚህ ሦስተኛው መመዘኛ ይወጣል፦ ሰውዬው እውነቱን ካወቀ በኋላ በእውቀቱ ምን አደረገበት? በዓሉ በበኩሉ መልሱን በሕትመት ሰጠ፤ መጽሐፉ ታገደ፤ እርሱም በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ሳይመለስ ቀረ።

እንግዲህ ወጣቱ ከሃዲውን ለይቶ ለማወቅ ብሎ የጀመረው ንባብ፣ በአንድ ፍርድ ፋንታ ሦስት ጥያቄዎች ሰጠው። ይህ ማለት ልብ ወለድ ሁሉንም ሰው ይቅር እንዲል አስተማረው ማለት አይደለም። በሌላው ሕይወት ነግዶ የተረፈ አለ፤ በሦስቱም መመዘኛ ሲመዘን ይቀልላል። ነገር ግን ለሕሙም አባቱ ሲል ከተማውን ያልለቀቀ፣ ለልጆቿ ስትል ለገባው ወታደር እንጀራ የጋገረች፣ ፈርቶ ዝም ያለ፣ ሁሉም በአንድ ስም ሊጠሩ አይገባም። መሐንዲስ ብረትን ሲፈትን ተለጠጠ ብሎ አይጥለውም፤ ምን ያህል ጭነት እንደ ተሸከመ፣ ከጭነቱ በኋላም ወደ ቦታው መመለስ አለመመለሱን ይመረምራል። ሰው ከብረት ያነሰ ምርመራ ሊደረግለት አይገባም።

የተከበራችሁ ባልደረቦች፤

ይህ ነገር ለሙያው ሩቅ አይደለም። አንድ ከተማ በማይወደው ሠራዊት እጅ ሲወድቅ፣ የውኃውን ፓምፕ የሚያንቀሳቅሰው ቴክኒሽያን ምን ማድረግ አለበት? ቢያንቀሳቅሰው የገባው ወታደርም ይጠጣል፤ ቢያቆመው መጀመሪያ የሚጠማው ሕፃኑና ሕሙሙ ነው። በ1977 እ.ኤ.አ. ለጄኔቫ ስምምነቶች የተጨመሩት ፕሮቶኮሎች የመጠጥ ውኃ ተቋማትን ጨምሮ ለሲቪሉ ሕዝብ ሕይወት የግድ የሚያስፈልጉ ነገሮችን ማጥቃትና ከጥቅም ውጪ ማድረግ ክልክል መሆኑን ደንግገዋል። ሕጉ ስለ ተቋሙ ይናገራል፤ ሞተሩን ያላጠፋው ሰው በማግስቱ ጎረቤቱ በምን ዓይን እንደሚያየው ግን አይናገርም። ያንን የሚወስነው የጎረቤቱ ልብ ነው። ያ ልብ ጉዱ ካሣን አግኝቶ የሚያውቅ ከሆነ ከመፍረዱ በፊት ይጠይቃል፤ ካላወቀ ግን በሰፈር የተወራውን ይዞ ይፈርዳል።

አሁን በሐራና በመሰል ከተሞች ያለ ወጣት ነገ የዚህ ማኅበር አባል፣ መምህር፣ ዳኛ ወይም የቀበሌ ሹም ይሆናል። ያን ጊዜ ስለ ጎረቤቱ የሚሰጠው ቃል ሰውን ሊያድን ወይም ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ መጽሐፍ በእጁ መግባቱ የትርፍ ጊዜ ጉዳይ አይደለም። የማኅበሩ አባላት ለቅየሳም ሆነ ለግንባታ ወደ ሩቅ ስፍራ ሲሄዱ፣ ከቅየሳው መሣሪያና ከምግቡ ጋር የተወሰኑ መጻሕፍት ጭነው ለአካባቢው ትምህርት ቤት ቢያበረክቱ፣ ወጪው ከአንድ በርሜል ናፍጣ አይበልጥም። በካምፑ ውስጥ ከሣንቃ ትራፊ መደርደሪያ ማሠራትም የአንድ አናጢ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ባቡሩ ሐራ ገበያ የሚደርስበት ቀን ሲመጣ፣ ከሰሜንና ከደቡብ የሚመጡት ሐዲዶች እንዲገጥሙ በሁለቱም በኩል ያለው ልክ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። በሐዲዱ የሚመጡት ሰዎች ደግሞ አንዳቸው ሌላውን ምን ከፈልህ? ምንስ አየህ? ብለው መጠየቅ ሊኖርባቸው ነው። ሐዲዱን የሚያጋጥሙት መሐንዲሶች ናቸው፤ ጥያቄውን በትዕግሥት መጠየቅ ግን ወጣቱ ዛሬ ከሚያነበው መጽሐፍ የሚማረው ነው።