ዋጋው ቀድሞ የተቆረጠለት ክትባት



ስለ ክትባት ምርምር ተናገሪ ስባል፣ ሰሞኑን ስለሚወሩት አዳዲስ ክትባቶች የማነሳ መስሏችሁ ይሆናል። እኔ ግን የመረጥኩት የማጅራት ገትርን ክትባት ነው።

ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ የተዘረጋውን «የማጅራት ገትር ቀበቶ» ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1996 በአፍሪካ ከ250,000 በላይ ሰው ታሞ 25,000 ያህሉ ሞቷል። ከተረፉትም መስማት የተሳናቸው ብዙ ናቸው። ያኔም እኮ ክትባት ነበረ! ነገር ግን ከባክቴሪያው ሽፋን በተወሰደ ስኳር ብቻ የተሠራ ስለነበር ለሕፃናት እምብዛም አይሠራም፤ የሚሰጠው መከላከያ ቶሎ ያልቃል፤ ባክቴሪያውንም ከጉሮሮ አያጠፋም። ስለዚህ ሥራችን ወረርሽኝ ከተነሳ በኋላ መሯሯጥ ነበር።

መፍትሔው ይታወቃል፤ ስኳሩን ከፕሮቲን ጋር ማጣመር ነው። የጠፋው አምራች ነበር። ሀብታም አገር የማይገዛውን ክትባት ማን ይሠራል? እ.ኤ.አ. በ2001 የዓለም ጤና ድርጅትና ፓዝ በጌትስ ፋውንዴሽን ድጋፍ ሥራውን ሲጀምሩ የአፍሪካ የጤና ኃላፊዎችን ጠየቁ። መልሱ አጭር ነበር፦ የአንዱ ዋጋ ከግማሽ ዶላር አይለፍ። እንግዲህ ዋጋው ቀድሞ ተቆረጠ፤ ክትባቱ በዋጋው ልክ ተሠራ። የማጣመሪያው ዘዴ ከአሜሪካ መንግሥት ተመራማሪዎች ተገኘ፤ የሕንዱ ሴረም ኢንስቲትዩት አመረተው።

ሜንአፍሪቫክ እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ በቡርኪና ፋሶ ተጀመረ። በአገራችንም ከ2013 እስከ 2015 ድረስ፣ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 29 ዓመት ለሆኑ ሰዎች በዘመቻ ተሰጠ። ከ2017 ወዲህ በቀበቶው አገሮች በላብራቶሪ የተረጋገጠ የኤ ዓይነት ማጅራት ገትር አልተመዘገበም።

ታዲያ አበቃ ማለት ነው? አላበቃም። ሲ፣ ደብልዩና ኤክስ የተባሉት ዓይነቶች አሁንም አሉ። አምስት ዓይነቶችን በአንድ የሚከላከለው ክትባት በ2023 የዓለም ጤና ድርጅትን ዕውቅና አግኝቷል፤ በ2024 ናይጄሪያ ከዓለም ቀድማ ተጠቅማበታለች።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አብረውኝ የሚሠሩት ወጣት ሐኪሞች የኤ ዓይነትን ወረርሽኝ የሚያውቁት ከመጽሐፍ ነው። እሰየው! ግን ያላየውን በሽታ የማይጠረጥር ሐኪም የአከርካሪ ፈሳሽ አይወስድም። ናሙና ካልተወሰደ ዓይነቱ አይታወቅም። ዓይነቱ ካልታወቀ ደግሞ የትኛውን ክትባት፣ ለየትኛው ወረዳ እንደምንልክ በምን እናውቃለን? እናትም ብትሆን ያላየችውን በሽታ አትፈራም፤ ልጇን ለማስከተብ ረጅም መንገድ የምትሄደው እኛ በቂ ምክንያት ስንነግራት ነው።

ስለዚህ መምህራኖቻችን፣ ይህን በሽታ እንዳለፈ ታሪክ አታስተምሩብን። በየሆስፒታሉ ያላችሁ ጓደኞቼም፣ ትኩሳት ይዞት አንገቱ የደረቀ ልጅ ሲመጣ ናሙናውን ውሰዱ፤ ውጤቱንም ሪፖርት አድርጉ። ክትባቱን ሌሎች ሠርተውልናል፤ በሽታውን ነቅቶ መጠበቅ ግን የእኛ ፋንታ ነው።