ቅድመ ሁኔታና ትእዛዝ በተሽከርካሪ መከታተያ መሣሪያዎች



የተሽከርካሪ መከታተያ መሣሪያ ቦታ ከመጠቆም አልፎ፣ የተወሰነ ሁኔታ ሲሟላ በራሱ ሪሌ አንቀሳቅሶ ሞተር እንዲያጠፋ ሊታዘዝ ይችላል። ሁኔታውን የሚወስነው ግን ባለሙያው ነው።

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ የጭነት መኪና ሞተሩ ቢቆም፣ መሪው ይከብዳል፤ የፍሬኑን አየር የሚሞላው ኮምፕሬሰርም ሥራውን ያቆማል። «ፍጥነቱ ዜሮ ሲሆን አጥፋ» የሚለው ትእዛዝ ብቻውን አይበቃም፤ የሳተላይት ምልክት ሲቋረጥ፣ አንዳንዱ መሣሪያ መኪናው እየሄደ ሳለ ዜሮ ይመዘግባልና። ስለዚህ የሞተሩ ቁልፍ መዘጋቱ፣ ምልክቱ አስተማማኝ መሆኑና መኪናው ለተወሰነ ጊዜ መቆሙ በአንድነት ሊረጋገጡ ይገባል። ሪሌውም በነዳጁ ፈንታ ከሞተር ማስነሻው ጋር ቢያያዝ፣ የቆመው እንዳይነሣ ይከለክላል እንጂ የሚሄደውን አያቆምም።

ንብረትን ከስርቆት ለመጠበቅ የተገጠመ መሣሪያ የሰው ሕይወት እንዳያጠፋ ማድረግ የሙያው አደራ ነው።