ኤሌክትሮኒክ ንግድን መማር ለሚሹ ልጆቻችን ምን እንመልስላቸው?

(በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ለሚገኙ አጥቢያዎች የሰበካ ጉባኤ ተወካዮች ከተደረገ ንግግር የተወሰደ)



ባለፈው ስብሰባችን ከሰበታ የቀረበ አንድ ጥያቄ መልስ ሳያገኝ እንዳደረ ታስታውሳላችሁ። አንዲት የሰንበት ትምህርት ቤት አባል በሂሳብ አያያዝ ደረጃ 4 ካጠናቀቀች በኋላ በኤሌክትሮኒክ ንግድ ወደ ደረጃ 5፣ ማለትም ወደ ከፍተኛ ዲፕሎማ፣ ለመቀጠል ትፈልጋለች፤ የክፍያውን ግማሽ አጥቢያው እንዲሸፍንላት በጽሑፍ ጠይቃለች። እናቷ እንጀራ ጋግረው በመሸጥ ያስተዳድሯታል። በሌላ ወገን ዐረብ አገር ሊልካት የሚመላለስ ደላላ አለ። አንድ አባታችን ያን ዕለት «ዕቃ ለመሸጥ ደግሞ ዲፕሎማ ምን ያደርጋል?» ብለው ጠየቁ። እኔም ትምህርቴ ነገረ መለኮት ነውና በቂ መልስ አልሰጠሁም። ከዚያ ወዲህ ሰው ጠይቄ፣ አንብቤ መጥቻለሁ።

ልጅቷ ብቻዋን አይደለችም። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆኑ። የቀሩት በየቤታችን ያሉ ልጆች ናቸው። ለእነርሱ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ዋናው መንገድ ነው፤ በየደረጃው የብቃት ምዘና እያለፉ የሚወጡት መሰላል ነው።

አሁን ወደ አባታችን ጥያቄ ልመለስ። ንግዱ ከትምህርቱ ቀድሞ ወደ ደጃችን ደርሷል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ተጀምሮ በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ ከ50 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች አፍርቷል፤ ኤምፔሳም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ተከትሎታል። የሱሉልታ ቅቤና አይብ ዛሬ በቴሌግራም ፎቶው ታይቶ፣ ዋጋው በውስጥ መስመር ተጠይቆ፣ በአዲሱ ገበያ ታክሲ ረዳት እጅ እንጦጦን ተሻግሮ ይወርዳል። ከቡራዩ ወደ አስኮ፣ ከሰበታ በዓለም ገና ወደ አየር ጤና የሚሄደውም እንዲሁ ነው። የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር በማይሠራበት ሰፈር አድራሻው «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ» ነው፤ ስለዚህ ሳናውቀው የዚህ ንግድ ምልክት እኛው ሆነናል።

ነገር ግን ፎቶ መለጠፍና መነገድ አንድ አይደሉም። ለምሳሌ ያህል አንዲት እናት ኪሎውን በ700 ብር ያሰናዱትን በርበሬ በ850 ብር ለ10 ሰዎች ላኩ እንበል። ትርፉ 1,500 ብር ይመስላል። ለእያንዳንዱ ማድረሻ 80 ብር ሲከፈል 700 ይቀራል። ሁለት ገዢዎች በር ላይ «ትቼዋለሁ» ቢሉ ግን የእነርሱ ትርፍ 300 ብርና የመመለሻው 160 ብር ይነሣል፤ የቀረው 240 ብር ነው። እኒህ እናት ወሩን ሙሉ ደክመው ለምን ገንዘብ እንደማይተርፋቸው ግራ ይገባቸዋል። በደረጃ 5 ያለ ሠልጣኝ ሊያውቀው የሚገባው ይህን ነው፤ ዋጋ መተመንን፣ የተመላሽ ዕቃን ሂሳብ፣ የክምችት መዝገብን፣ የደንበኛን ምስጢር መጠበቅን፣ ሌሎችን መምራትንም ጭምር። በእኛ ከተሞች ደግሞ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም አጥርቶ መጻፍ ይጨመራል፤ ይህን ብዙዎቹ ሥርዓተ ትምህርቶች ይዘነጉታል ብዬ እሠጋለሁ።

ሕጉም አለ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 በኤሌክትሮኒክ መንገድ የተደረገ ውል ወረቀት ባለመሆኑ ብቻ ዋጋ አያጣም የሚለውን መርሕ ይዟል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰውን ስምና ስልክ እንደ ልብ መበተንን ከልክሏል። በየቻናሉ ከሚሸጡት መካከል እነዚህን አዋጆች የሰሙ ስንት ናቸው?

የራሴን ጥፋት ልናገር። ባለፈው ዓመት ለቢሮ የሚሆን የማተሚያ ቀለም በቴሌግራም አይቼ 4,800 ብር አስቀድሜ ላክሁ። በማግሥቱ ቻናሉ አልነበረም። ደረሰኝ አልጠየቅሁም፤ የሻጩን ሙሉ ስም አላወቅሁም፤ ገንዘቡንም ከደመወዜ ተካሁ። ይህን የምነግራችሁ ይኸው ማታለል በአጥቢያዎቻችን ስም ሊደረግ ስለሚችል ነው። የሕንፃ ማሠሪያ ፎቶ አንሥቶ ከሥሩ የራሱን ቁጥር ለሚጽፍ ሰው በር ክፍት ነው። የአጥቢያው ሒሳብ ቁጥር በሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ በዐውደ ምሕረት ይነገር፤ የሚገባውንም የሚከታተል፣ የሠለጠነ ሰው ይኑር። ያ ሰው ከየት ይመጣል? ከእነዚሁ ልጆች መካከል ነው።

ይህን ስል ሁሉም ይማረው ማለቴ አይደለም። ኮምፒዩተር የሌለው፣ ኢንተርኔት የማይገባለት ልጅ ተመዝግቦ ዓመቱን በንድፈ ሐሳብ ብቻ ቢጨርስ ገንዘባችንም ተስፋውም ይባክናል። ስለዚህ ክፍያ ከመወሰናችሁ በፊት ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ወደ ማሠልጠኛው ይሂዱ። የደረጃ 5 ፈቃዱ ለዚህ ሙያ በስሙ የተሰጠ መሆኑን በጽሑፍ ይዩ። የማርኬቲንግ ወይም የዳታቤዝ ፈቃድ ይዞ በሌላ ስም የሚመዘግብ ካለ ልጁ በመጨረሻ የሚመዘንበት ሙያ ያጣል። ካለፈው ዙር ስንቱ የብቃት ምዘናውን እንዳለፉ ይጠይቁ። መልሱን ለመስጠት ካመነቱ አመስግነው ይመለሱ።

ከሁሉ የሚከብደው የተግባር ልምምዱ ነው። በትብብር ሥልጠና ከጊዜው 70 በመቶው በሥራ ቦታ እንዲሆን ይጠበቃል፤ ሠልጣኝን ተቀብሎ እውነተኛ ሥራ የሚሰጥ ድርጅት ግን በቀላሉ አይገኝም። ብዙዎች ሻይ ሲያመላልሱና ወረቀት ሲያባዙ ወራቱ ያልቃል። እኛ ግን የንዋየ ቅድሳት መሸጫ አለን፤ ጧፍ፣ ዕጣን፣ መጻሕፍት፣ ነጠላ እንሸጣለን። አብዛኛው መሸጫ የክምችት መዝገብ የለውም፤ ምን እንደተሸጠ የሚታወቀው ዕቃው ሲያልቅ ነው። (የኔም አጥቢያ እንዲሁ ነው፤ ሌላውን ለመውቀስ አይደለም።) አንድ ሠልጣኝ በሦስት ወር ይህን መዝገብ ቢያስተካክል ለእርሱም ልምምድ፣ ለእኛም ሂሳብ ይሆናል። ገንዘቡን ግን ሠልጣኙ በእጁ አይያዝ፤ ደረሰኙና ሣጥኑ በሒሳብ ሹሙ ዘንድ ይቆዩ።

የሰበታዋን ልጅ ጉዳይ በተመለከተ፣ የማሠልጠኛው ፈቃድ ቅጂ ትናንት እጄ ገብቷል፤ ለአጥቢያው ሊቀ መንበር አስረክቤያለሁ። ምዝገባው የሚዘጋው በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ነው። ጉባኤው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይሰበሰባል፤ እናቷም እንዲገኙ ተጠርተዋል።