7ኛና 8ኛ ክፍል ላሉት ልጆቻችን ከብር ሌላ ምን እንላክ?

(በማኅበራችን የእሑድ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

ዛሬ ስለ ኮንትራትና ስለ መኖሪያ ፈቃድ አላወራም፤ እሱን ሌሎቹ ከእኔ በተሻለ ያውቁታል። የማወራው አገር ቤት ሆነው እኛ ስለምናስተምራቸው ልጆች ነው፣ በተለይ 7ኛና 8ኛ ክፍል ስላሉት። ለአንዳንዶቻችሁ የወለዳችሁት ልጅ ነው፣ ለአንዳንዶቻችሁ ታናሽ ወንድም። የእኔዋ ታናሽ እህቴ ናት፤ ዘንድሮ 8ኛ ናት፣ ሰኔ ላይ ትፈተናለች።

ለምን 7ኛና 8ኛ አትሉኝም? 1ኛ ክፍል ያለውን ሕፃን ሁሉም ያየዋል፣ ደብተሩን እናቱ ትገልጥለታለች። 12ኛ የደረሰውን ደግሞ ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ ይጠይቀዋል። መሐል ያሉትን ግን ማን ይጠይቃቸዋል? «ይማራል?» እንላለን፣ «አዎ ይማራል፣ ተመስገን» ይሉናል፣ ኢሞው ይቆረጣል፣ በቃ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንወቅ። አሁን ያለው ትምህርት ቤት እኛ የተማርንበት አይደለም። እኛ ስንማር 1ኛ ደረጃ የሚባለው እስከ 8 ነበር፤ ከዚያ 9ንና 10ን ተምረን ማትሪክ ተፈተንን፣ እንደ እኔ ነጥብ ያልመጣለት እዚያው ቆመ። አሁን የ10ኛ ክፍል ፈተና የለም። 1ኛ ደረጃ እስከ 6 ነው፣ 7 እና 8 ራሱን ችሎ «መካከለኛ ደረጃ» ይባላል፣ ከ9 እስከ 12 ሁለተኛ ደረጃ ነው። ክልሉ 6ኛ ላይና 8ኛ ላይ ይፈትናል፤ ሚኒስትሪ የምንለው የ8ኛውን ነው።

ትምህርቱም ተቀይሯል። እኛ 7ኛ ላይ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስ ለየብቻ ተማርን። አሁን ሦስቱ ተጠቃለው «አጠቃላይ ሳይንስ» ሆነዋል። አንዷ እህታችን «ልጄ ፊዚክስ የሚባል የለንም ይላል፣ ትምህርት ቤቱ ብሬን እየበላ ነው» ብላ ስትናደድ ሰምቻለሁ። አልበሉባትም፣ ሥርዓቱ ነው። ከሱ ሌላ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ የአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ኅብረተሰብ፣ የዜግነት ትምህርት፣ ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ፣ ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ፣ የሙያና ቴክኒክ ትምህርት፣ ሙዚቃና ሥዕል ያለበት የክወናና የእይታ ጥበባትም አለ። የመጨረሻዎቹን አትናቋቸው፣ ካርድ ላይ አሉ።

ዋናው ጉዳይ ግን ቋንቋው ነው፤ እዚህ ላይ እባካችሁ አዳምጡኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ልጁ እስከ 6ኛ ሒሳቡንም ሳይንሱንም በአፍ መፍቻው ይማራል። 7ኛ ሲገባ መጽሐፉ እንግሊዝኛ ይሆናል። በኦሮሚያና በትግራይ እስከ 8ኛ በራሳቸው ቋንቋ ነው፤ እነሱ ዘንድ ይኼ ፈተና 9ኛ ላይ ይመጣል። እህቴ 6ኛ ላይ ከክፍሏ 4ኛ ነበረች። 7ኛ ክፍል የመጀመሪያው መንፈቅ ካርድ ሲመጣ 31ኛ ወጣች። ቤት ውስጥ የተባለው «ሰነፈች፣ ስልክ ነው ያበላሻት» ነው።

እኔ ትዝ ያለኝ ምን መሰላችሁ? እዚህ የመጣን ሰሞን ማዳም «ጂቢ» ስትለን ምን እንደምናመጣ ግራ ገብቶን የቆምነው። መጥረግ ማጠብ ጠፍቶን ነው? ሥራውንማ እናውቀዋለን፣ የጠፋን ቋንቋው ነው። እሷ ግን «ይቺ አይገባትም» ትላለች። 7ኛ ክፍል የገባ ልጅም እንደዚያው ነው። ስሌቱን ያውቃል፣ ጥያቄው የሚለውን ማንበብ ነው ያቃተው። እኛን ቢያንስ ደመወዝ ያቆየናል። እሱን ምን ያቆየዋል? ሰነፍ ሰነፍ ከተባለ እውነትም ይተወዋል።

ይህ የአንድ ልጅ ነገር እንዳይመስላችሁ። በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 100 ተማሪዎች ውስጥ ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 3 ብቻ ናቸው፣ ትንሽ ፈሪ አለው። ያ ውጤት ሲነገር ብዙ ተባለ፣ ኩረጃ ስለቀረ ነው የሚልም ነበር። እኔ ግን 12ኛ ላይ የወደቀው ልጅ መውደቅ የጀመረው ከታች ነው ባይ ነኝ።

ታዲያ ምን አደረግሁ? እናቴን የክፍል ኃላፊዋን ስልክ ጠይቂልኝ አልኳት። «የመምህር ስልክ ይጠየቃል እንዴ፣ ምን ይሉኛል» አለች። ምንም አይሏትም። ቁጥሩ መጣ፣ ደወልኩ። «መምህር፣ እኔ ከዓረብ አገር የምደውል እህቷ ነኝ፣ ወጪዋን የምሸፍነው እኔ ነኝ፣ ስለ እሷ ጥቂት ልጠይቅዎት» አልኳቸው። እንዴት ደስ እንዳላቸው! በየትኛው ትምህርት እንደምትደክም ነገሩኝ፣ ቅዳሜ ጠዋት ማጠናከሪያ ትምህርት እንዳለና እሷ ግን እንደማትመጣ ነገሩኝ። ቤት ብጠይቅ ቅዳሜ ልብስ የምታጥበው እሷ ናት። እናቴ እጇን ያማታል፣ አልፈርድባትም። ስለዚህ ከምልከው ላይ ለልብስ አጣቢ ቀነስኩ። እኔ እዚህ የሰው ልብስ እያጠብኩ እዚያ አጣቢ መቅጠሬ ያስቃል፣ ሳቁ፣ እኔም ስቄያለሁ። ግን ቅዳሜዋ ነፃ ሆነ። አሁን 12ኛ ናት።

ትምህርት ቤት ውስጥ እኛ የማናውቀው ብዙ አለ። ዩኒት መሪ አለ፤ ልጅ ሲቀር የሚያየው እሱ ነው። በአንዳንዱ ቤት የጋይዳንስ መምህር አለ፤ ልጁ ቤት የማይናገረውን የሚናገርለት። ዐይኑ ወይም ጆሮው ለሚደክም ልጅ፣ ትምህርት ለሚከብደው ልጅ የልዩ ፍላጎት ድጋፍ ካለ ጠይቁ፤ ስንቱ ሰሌዳው ስለማይታየው ብቻ ሰነፍ ተብሏል። ወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት የሚባል ስብሰባ አለ፤ ቤተሰብ «ጊዜ የለኝም» ካለ እንኳ አንድ ሰው እንዲሄድ አድርጉ። አዲስ አበባ በመንግሥት ትምህርት ቤት ምገባ አለ፣ ደብተርና ዩኒፎርምም ይሰጣል፤ ለእናንተ ልጅ ይደርሰው እንደሆነ ሳትጠይቁ ለዚያ ብር አትላኩ። ዶላሩ ከ2016 ሐምሌ ወዲህ ብዙ ብር ያወጣል ብለን ስንደሰት የዕቃውም ዋጋ አብሮ ወጥቷል።

ሴት ልጅ ያለችን ደግሞ አንድ ነገር ሳናፍር እንጠይቅ። የወር አበባዋ ሲመጣ ምን ታደርጋለች? ሞዴስ የሌላት ልጅ በወር ሦስት አራት ቀን ትቀራለች፤ ሒሳብ ደግሞ አንድ ቀን ካለፈ ሁለተኛው ቀን አይገባም። ትምህርት ቤቱ የሴቶች ክፍል ካለው ታውቀዋለች? ከሌለው የሞዴሱን ለይታችሁ ላኩላት፣ በእጇ።

ክበባቱንም «ጨዋታ ነው» አትበሉ። ቀይ መስቀል አለ፣ የአካባቢ ጥበቃ አለ፣ የሥርዓተ ጾታ ክበብ አለ፣ የተማሪዎች ፓርላማ አለ። እህቴ ሚኒ ሚዲያ ገብታ ጠዋት ሰልፍ ላይ በእንግሊዝኛ ታነባለች። መጀመሪያ ቀን ሳቁባት፣ አለቀሰች፣ በማግስቱ ተመልሳ አነበበች። ከእኔ ይልቅ ያቺ ማይክ ናት ያስተማረቻት።

ገጠር ያላችሁ የእናንተ ይከብዳል። የቀበሌው ትምህርት ቤት 6ኛ ላይ ካለቀ ልጅቷ ከተማ ቤት ተከራይታ፣ ስንቅ ይዛ ትማራለች፤ 13 እና 14 ዓመቷ ነው። ኪራዩን ስትልኩ ከማን ጋር እንደምታድር፣ በሩ ከውስጥ ይቆለፍ እንደሆነ፣ አከራይዋ ማን እንደሆኑ ጠይቁ። በጦርነቱ ትምህርት ቤቱ የተዘጋባችሁም አላችሁ። የ7ኛና የ8ኛ መጽሐፍ በሶፍት ኮፒ ቴሌግራም ላይ ይገኛል፤ ኔትወርክ ባለ ቀን አውርደው እንዲይዙት አድርጉ። መምህርን አይተካም፣ ግን ልጁ ፊደሉን እንዳይረሳ ይረዳል።

የመጨረሻው ይኼ ነው። በ2008 የወጣው አዋጅ 923 ለሥራ ውጭ የሚሄድ ሰው ቢያንስ 8ኛ ክፍል እንዲጨርስ ይጠይቅ ነበር። አዋጁ በ2013 ተሻሽሏል፤ በየሰፈሩ ግን ወሬው አልተሻሻለም። «8ን ትጨርስና ትሂድ» ይላሉ። እህቴንም አንድ ደላላ መንገድ ላይ አቁሞ «እህትሽ አለችልሽ አይደል፣ ምን ያስቸግርሻል» ብሏታል። ደውላ «እኔም ልምጣ?» አለችኝ። ስለዚህ ቤት ሥራውን ዝም ብዬ ነገርኳት፦ ስንት ሰዓት እንደምነሳ፣ የት እንደምተኛ፣ እሑድን ለማግኘት ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ። አላስፈራራኋትም፣ እንደሆነው ነው የነገርኳት። በፎቶ ብቻ የሚያዩን ልጆች ፓስፖርት የሚያወጡት ያንን ፎቶ አይተው ነው፤ እናንተም ንገሯቸው።

አሁን የምጠይቃችሁ፦ 7ኛ ወይም 8ኛ ክፍል ልጅ ያላችሁ፣ በሚመጣው እሑድ የካርዱን ፎቶ በስልካችሁ አስልካችሁ ይዛችሁ ኑ። የክፍል ኃላፊውን ስልክ ቁጥርም ጭምር። ካርዱን አብረን እናነባለን፣ ለመደወል የፈራች ካለች አጠገቧ ቁጭ ብዬ አብሬ እደውላለሁ። ቡናውን እኔ አመጣለሁ፣ ስኳር የምታመጣ አንድ ሰው እጇን ታውጣ።