ግራውንዱን ማጽናት



ጥር 15 ቀን 2008 ዓ.ም. ሐዋሳን ያስደነገጠው ርዕደ መሬት መጠኑ 4.3 ገደማ ነበር። መነሻው ሩቅ አልነበረም፤ ከከተማችን በስተምሥራቅ ያለው የወንዶ ገነት ተረተር ነው። በ1952 ዓ.ም. ክረምት በኮርቤቲና በሻሸመኔ አካባቢ የተነሣው ግን 6.3 ገደማ ደርሷል። መጠኑ በሁለት ቁጥር ሲጨምር የሚለቀቀው ጉልበት አንድ ሺህ እጥፍ ይሆናል። ያኔ ሐዋሳ ገና መቆርቆሯ ነበር። ፎቅ የደረደረችው የዛሬዋ ሐዋሳ በዚያ ልክ ተፈትና አታውቅም።

አፈራችንም አያግዘንም። የሐይቅ ደለል፣ የእሳተ ገሞራ አመድና ፓሚስ ንዝረትን አጉልተው ወደ ሕንፃ ያሻግራሉ። በ1985 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ሲቲን ያፈራረሰው መንቀጥቀጥ የተነሣው ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ነው፤ ክፉኛ የተመታው ግን በጥንቱ ሐይቅ ደለል ላይ የቆመው የከተማዋ ክፍል ነበር።

በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው የዲዛይን ደንባችን በአማካይ በ100 ዓመት አንዴ የሚደርስን ንዝረት መነሻ አድርጎ ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው ደንብ የ475 ዓመቱን ይወስዳል፤ ለከፍተኛው የርዕደ መሬት ቀጠና የሚያዝዘው ንዝረትም እጥፍ ሆኗል። ስለዚህ ደንቡን አክብሮ የሠራ ባለቤት እንኳ ዛሬ የሚጠየቀውን አቅም ያላሟላ ሕንፃ ሊኖረው ይችላል። ጥፋተኛ ልንለው አይገባም፤ ልናግዘው ይገባል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግራውንዱ ነው። ላይኛው ፎቅ በብሎኬት ታጥሮ ድርቅ ብሎ ይቆማል፤ ታቹ ለሱቅና ለካፌ ተከፍቶ ኮለን ብቻ ይቀራል። መሬት ወደ ጎን ስትገፋ ሕንፃው የሚታጠፈው እዚያ ላይ ነው። ተከራይ ቦታ ለማስፋት የቀረውን ግድግዳ ሲያፈርስ ደግሞ አደጋው ይብሳል።

ስንጥቅን በልስን መሸፈን ማጠናከር አይደለም። አንዱ የማጠናከሪያ መንገድ ኮለኑን በአዲስ ፌሮና ኮንክሪት ማልበስ ነው፤ እሱም የራሱ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ የላዩን ጭነት በድጋፍ መያዝ፣ ልስኑን አንሥቶ የኮንክሪቱን ፊት በመሮ ማሻከር፣ ዙሪያውን አዲስ ፌሮ ማቆም፣ ስታፋውን አቀራርቦ ማሰርና ጫፎቹን ወደ ውስጥ ማጠፍ፣ ከዚያ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አዲስ ኮንክሪት መሙላት ነው። ፌሮው ከላይ ሶሌታውን በስቶ ካላለፈ፣ ከታችም መሠረቱ ውስጥ ካልተተከለ፣ ኮለኑ ወፈረ እንጂ የሚታጠፍበት ቦታ አልጠነከረም። ከቢሙ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ጠባብና አስቸጋሪ ስለሆነ ሠራተኛ ዘሎት ማለፍ ይቃጣዋል፤ ተቆጣጣሪው መሐንዲስ በቦታው መቆም ያለበት በዚያች ሰዓት ነው።

ሁሉንም ኮለን ማልበስ ሁልጊዜ ግድ አይደለም። በተመረጡ ኮለኖች መካከል የኮንክሪት ግድግዳ ማቆም ብዙ ጊዜ ይቀላል፤ ነገር ግን የራሱን መሠረት ይፈልጋል፣ በአንድ ወገን ብቻ ከተሠራም ሕንፃውን ያጣምመዋል። ያለ ስሌት አይነካም።

ኢስታንቡል ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመቶዎች የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶቿንና ሆስፒታሎቿን አጠናክራለች ወይም አፍርሳ ሠርታለች፤ ከግል ቤት በፊት ሕዝብ የሚሰበሰብበትን አስቀድማለች። እኛም ከትምህርት ቤትና ከጤና ጣቢያ እንጀምር። የምሥራቅ ክፍለ ከተማ ግራውንዳቸው የተከፈተ ፎቆችን ይመዝግብ፤ ባለቤቶችም የሕንፃችሁን የስትራክቸር ፕላን ፈልጋችሁ አውጡ፤ ፕላኑ ከጠፋ ፌሮውን በመሣሪያ ማንበብ፣ የኮንክሪቱንም ጥንካሬ ናሙና ቆርጦ መለካት ይቻላል።