የጉድጓዱ ደብተር ማን ዘንድ ነው?

ይህን ንግግር ቡሬ ላይ ለተሰበሰቡ ወጣቶች ነበር ያቀረብኩት። ላልተገኛችሁ ደግሞ እነሆ በጽሑፍ።

ስለ አባይ ሲነሳ ሁላችንም ደማችን ይሞቃል። ይሙቅ፣ ክፋት የለውም፤ ወንዙ የሚነሳው ከእኛው ሰከላ፣ ከግሽ አባይ ነው። ግን እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የጎጣችሁ የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ማን ነው? ቡሬ ላይ ይህን ስጠይቅ ሦስት እጅ ብቻ ነው የወጣው። አንደኛው የሰብሳቢው ልጅ ነበር።

አልፈርድባችሁም፣ እኔም አላውቅም ነበር። ተመርቄ ሥራ አጥቼ ገጠር እናቴ ዘንድ ከገባሁ በኋላ ነው ያወቅሁት። የጎጣችን የእጅ ፓምፕ ሰባት ወር ቆሞ ነበር። ታናሽ እህቴ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ተነስታ፣ ጄሪካኗን አዝላ ወንዝ ትወርዳለች። የምትቀዳው ከብት ከሚጠጣበት ነው። ትምህርት ቤት ስትደርስ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ተጋምሷል። ምን ተበላሽቶ ነው ብዬ ስጠይቅ፣ አንዲት ጎሚኒ! ቢሮ ሄድኩ፤ «መኪና የለም፣ ነገ ና» ተባልኩ። አራት ነገ ተመላለስኩ።

ከዚያ ኮሚቴውን ፈለግሁ። ሰብሳቢው ሽማግሌ ናቸው። «ልጄ፣ ስንሰበስብ ገንዘቡ ወዴት ሄደ ብለው ያሙናል፣ ተውነው» አሉኝ። ደብተሩን አየሁት፤ የመጨረሻው መዋጮ የተጻፈው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። የሰረቀ ሰው አልነበረም። ሒሳብ ፊት ለፊት የጠየቀም ሰው አልነበረም፤ ሐሜት ብቻ።

አባቶቻችን መስኖ ሲጠልፉ የውሃ አባት ይሾሙ ነበር። ቦይ ያስጠርጋል፣ ተራ ያወጣል፣ ተራ የሰረቀውን ይቀጣል። በቦይ ያለማ ሰው ያውቀዋል፤ ዳኛ ከሌለ ከላይ ያለው ይጠግባል፣ ከታች ያለው ሽንኩርቱ ይደርቅበታል። ሜጫ ያለው የቆጋ ግድብ 7,000 ሄክታር እንዲያጠጣ የተሠራ ነው። ያን ያህል ግድብ እንኳ ራሱ ተራ አያወጣም፣ ተራ የሚያወጣው ሰው ነው። የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 የወጣውም ለዚሁ ነው።

ለመጠጥ ውሃም ምሳሌው እዚሁ ክልላችን ውስጥ አለ። በፊንላንድ መንግሥት ድጋፍ የሚካሄድ የገጠር ውሃ ፕሮግራም ነበር። በ1995 ዓ.ም. ገደማ አሠራሩን ገለበጡት። የግንባታው ገንዘብ በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል፣ በአሁኑ ጸደይ ባንክ ማለት ነው፣ ለኅብረተሰቡ ይሰጥ ጀመር። ሲሚንቶ የሚገዛው ኮሚቴው፣ ግንበኛ የሚቀጥረው ኮሚቴው፣ ለጎጡ ሒሳብ የሚያቀርበውም ያው ኮሚቴ። «ገበሬ ይህን ያህል ብር ይዞ ምን ሊሆን ነው» ያለ አይጠፋም። ሥራው ግን ፈጠነ፤ ከተሠሩት አብዛኞቹም ሳይቆሙ ቆዩ። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ኮዋሽ የተባለው ፕሮጀክት ይህንኑ አሠራር ወደ ሌሎች ክልሎችም ወሰደው። ጉድጓዱ ያው ጉድጓድ ነው፣ የተለወጠው ገንዘቡን የያዘው እጅ ነው።

«ታዲያ መንግሥትን ነፃ ልታወጣው ነው?» ያለኝ ልጅ ነበር። ኧረ በጭራሽ! የጥልቅ ጉድጓድ ሞተር ሲቃጠል ጎጥ አዋጥቶ አይተካውም። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ለቤት አገልግሎት የሚውል ውሃ ከሌላው ሁሉ ይቀድማል ይላል። ቡሬ ላይ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፣ ፋብሪካ ደግሞ ውሃ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ይህችን አንቀጽ በቃላችሁ ያዟት። ግን ባዶ እጅህን ቢሮ ገብተህ ብትጮህ፣ «መቼ ቆመ? ስንት አባወራ ይጠቀማል? ስንት አዋጣችሁ?» ሲሉህ ምን ትመልሳለህ? ደብተር ያለው ሰው ነው መልስ ያለው።

እኛ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጎጡን ሰብስበን ኮሚቴውን እንደ አዲስ መረጥን። ሦስት ሴቶች ገቡ፤ የሚቀዱት እነሱ ናቸውና የት እንደሚያም ያውቃሉ። በየቤቱ በወር 10 ብር ተባለ። አቅም የሌላቸው ሁለት አሮጊቶች በነፃ ይቅዱ ተባለ፤ እሱ ላይ ክርክር ነበር፣ ግን አለፈ። እኔ ጸሐፊ ሆንኩ፤ ዲግሪዬ በስንት ጊዜው ሥራ አገኘ፣ ደመወዝ ባይኖረውም። ጎሚኒዋን ከፍኖተ ሰላም ገዛናት፤ የጎረቤት ጎጥ ልጅ ሥልጠና ወስዶ ስለነበር ግማሽ ቀን ሳይሞላ ገጠማት። ሰባት ወር የተጠበቀችው ጎሚኒ!

አሁን የገንዘብ ሣጥኑ ሁለት ቁልፍ አለው፤ አንዱ ሰብሳቢው ዘንድ፣ አንዱ ገንዘብ ያዟ ዘንድ። በየወሩ ሒሳቡ ጮክ ተብሎ ይነበባል። ባለፈው ወር 150 ብር ጎደለች። እስክትገኝ ድረስ አንድም ሰው ከስብሰባው አልተነሳም። የፓምፑ አጥር በር ጓጉንቸር የተገዛባት ነበረች፤ ሳትጻፍ የቀረችው በእኔ ስህተት ነው፣ እዚያው ሕዝብ ፊት አስጻፉኝ።